ላሃርዳንና 14ቱ ተሰዳጆች፦ ስለ አየርላንድ ገጠር የስደት መታሰቢያዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለጉብኝት አየርላንድ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከደብሊን አይወጣም። የስደትን ታሪክ ማየት ለሚፈልግ ግን ገጠሩ ይሻላል ባይ ነኝ። ዋናው ወሬያችን ላሃርዳን የምትባል መንደር ናት፤ መንገድ ላይ ሌሎቹንም እናነሳለን። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ላሃርዳን የት ነው? ምኑስ ነው የሚጎበኘው?

በምዕራብ አየርላንድ፣ ሜዮ በሚባለው አውራጃ ውስጥ ያለች ትንሽ መንደር ናት። በአንድ ወገኗ 806 ሜትር ከፍታ ያለው የኔፊን ተራራ፣ በሌላው ወገን ኮን የሚባል ሰፊ ሐይቅ አለ። መንደሯና ዙሪያዋ ያሉት ጎጦች አደርጉል በሚባል የካቶሊክ አጥቢያ ሥር ናቸው። በሚያዝያ 1912 ከዚህ አንድ አጥቢያ 14 ሰዎች ታይታኒክ ላይ ተሳፈሩ። አሥራ አንዱ አለቁ።

ትኬት የሚቆረጥበት ትልቅ ሙዚየም ከጠበቃችሁ አታገኙም። ያለው መታሰቢያ ፓርክ ነው። የመርከብ ፊት ቅርጽ ተሠርቶበታል፤ ከነሐስ የተሠሩ የተሳፋሪዎች ምስሎች ቆመውበታል። የተመረቀው አደጋው መቶ ዓመት በሞላው ጊዜ፣ በ2012 ነው። ከዚያ ቅዱስ ፓትሪክ ቤተ ክርስቲያን ትገባላችሁ። ባለቀለም መስታወት ሁለት መስኮቶች አሉ። አንዱ የነፍስ አድን ጀልባ ሲወርድ ያሳያል። ሌላው ከቤቱ ተነስቶ የሚሄድ ሰውን። እኔ ሁለተኛው ፊት ብዙ ብትቆሙ እመክራለሁ። መርከብ ስትሰምጥ ዓለም ሁሉ በፊልም አይቶታል። ከበር ወጥቶ መሄድን ግን እንዲህ የሚያከብር መስኮት ብዙ አይገኝም።

14ቱ እነማን ነበሩ?

አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው፤ ከወንድ ይልቅ ሴት ይበዛል። ካትሪን ማክጎዋን ግን በዕድሜ ከትልልቆቹ አንዷ ነበረች፤ ልምድም ነበራት። ቀደም ብላ ቺካጎ ኖራለች። አገር ቤት መጥታ ስትመለስ የእህት የወንድም ልጅ፣ ጎረቤት፣ የጎረቤት ጓደኛ አብረው ተነሱ። አሜሪካን ያየ ሰው ካለ መንገዱ ቀለል ይላልና።

ጆንና ካትሪን ቡርክ አዲስ ተጋቢዎች ነበሩ። ከተጋቡ ገና ሁለተኛ ዓመታቸውን እንኳ አልደፈኑም። የጆን እህት ሜሪም አብራቸው ነበረች። በዚያ ሌሊት ጀልባው የሴትና የሕፃን ነው ሲባል ካትሪን ባሏን ጥላ አልሄድም አለች። ሜሪም ወንድሟን አልተውም አለች። ሦስቱም እዚያው ቀሩ።

የተረፉት ሦስት ሴቶች ናቸው፦ አኒ ኬት ኬሊ፣ ዴሊያ ማክደርሞት እና የካትሪን ማክጎዋን የወንድም ልጅ አኒ። ዴሊያ ለመንገዱ አዲስ ባርኔጣ ገዝታ ነበር። እንደሚተረከው ሰው ሁሉ ወደ ላይ ሲሮጥ እሷ ባርኔጣዋን ልታመጣ ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ይዛው ወጣች፤ ጀልባው ውስጥ ዘላ ገባች። ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። ግን አስቡት። ጭሰኛ ቤት ያደገች ልጅ ናት፤ ምናልባት በሕይወቷ የመጀመሪያ አዲስ ዕቃዋ ይሆናል። ደግሞስ አሜሪካ ባዶ ራስ ይወረዳል እንዴ?

አኒ ኬት ኬሊ ከዚያ በኋላ አሜሪካ ውስጥ መነኩሲት ሆነች። ሚሺጋን ባለ ገዳም ኖራ እዚያው አረፈች።

የሌሊቱ ደወል ነገር እውነት ነው?

እውነት ነው። ታይታኒክ የበረዶ ግግሩን የመታችው ሚያዝያ 14 ከምሽቱ 5:40 ላይ ነው፤ የሰመጠችው ደግሞ ከሌሊቱ 8:20፣ ቀኑ ለሚያዝያ 15 ከነጋ በኋላ። (ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት። ፈረንጆቹ 11:40 እና 2:20 ይሉታል።) በየዓመቱ በዚያች ሌሊት የመንደሩ ሰው ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ይሰበሰባል። መጀመሪያ ደወሉ ለሞቱት 11 በሐዘን ይደወላል። ቀጥሎ ለተረፉት ሦስቱ በደስታ። ገመዱን የሚስቡት የተሳፋሪዎቹ ዘመዶች ናቸው። ሥነ ሥርዓቱ ለቱሪስት ታስቦ የተጀመረ አይደለም። መገኘት ግን ማንም ይችላል፤ የሚመጣ እንግዳ አይጠፋም።

ከአንድ አጥቢያ ይህን ያህል ሰው ለምን በአንድ መርከብ?

አጋጣሚው መርከቧ ብቻ ናት። በቡድን መሄዱ የተለመደ ነበር። አንድ ሰው ይሄዳል፤ ሥራ ይይዛል፤ ከደመወዙ ቆጥቦ ለእህቱ ትኬት ቆርጦ ይልካል። እህት ደግሞ ለሌላው። በዚያ ዘመን የሦስተኛ ማዕረግ ትኬት 7 ፓውንድ ከ15 ሽልንግ አካባቢ ነበር። ለገጠር ሴት ልጅ ይህ በራሷ የምትወጣው ገንዘብ አይደለም። ለዚህ ነው የአንድ ጎጥ ሰው ቺካጎም ደርሶ አንድ ሠፈር የሚሰባሰበው።

የአየርላንድን ስደት ከሌላው አውሮፓ የሚለየው አንድ ነገር የሴቱ ብዛት ነው። ከሄዱት ግማሽ ያህሉ ሴቶች ናቸው፤ አብዛኞቹም ያላገቡ። ቦስተንና ኒውዮርክ ሀብታም ቤት ውስጥ ምግብ አብሳይ፣ ልጅ ጠባቂ፣ ቤት ጠራጊ ሆኑ። ለገና ከአሜሪካ የሚመጣው ደብዳቤ ውስጥ ዶላር ይኖራል፤ የአባት የመሬት ኪራይ በሱ ይከፈላል። ቤይሩት ወይም ሪያድ እህት ያለው አንባቢ ይህን እንዳብራራለት የሚጠብቅ አይመስለኝም።

ሰው ሁሉ የተሰደደው ድንች ስለተበላሸ ነው?

ድንቹ ምክንያት ነው፤ ግን ብቻውን አይደለም።

በ1845 ሻጋታ መሰል በሽታ ድንቹን መታው። ቅጠሉ በቀናት ውስጥ ይጠቁራል፤ ሥሩ ሲቆፈር ይገማል። በሽታው ሌላውንም አውሮፓ ነክቷል። እንደ አየርላንድ ያለቀ ግን የለም። ለምን? ገጠሬው መሬት የለውም። መሬቱ የባለርስት ነው፤ ብዙዎቹ ባለርስቶች እንግሊዝ ተቀምጠው ኪራይ የሚሰበስቡ። ጭሰኛው ስንዴና አጃ ዘርቶ፣ አሳማ አርብቶ ለኪራይ ይሸጣል። ለራሱ የሚቀረው ጥግ ላይ ያለች ቁራጭ መሬት ናት። በዚያች ቁራጭ ቤተሰብ የሚያጠግብ ድንች ብቻ ነው። ያውም አብዛኛው ድሃ የሚተክለው አንድ ዓይነት ዘር ነበር።

ድንቹ ጠፋ፤ ኪራዩ ግን አልጠፋም። እህልና ከብት በረሃቡ መሐል ወደ እንግሊዝ መጫኑ ቀጠለ። መንግሥት በ1847 አጋማሽ የሾርባ ማደያ ከፍቶ እስከ ሦስት ሚሊዮን ሰው መገበ፤ ይህ ብዙ ነፍስ አድኗል። ከዚያ በጥቂት ወራት ውስጥ ዘጋው። በዚያው ዓመት አንድ ሕግ ወጣ። ከሩብ ኤከር በላይ የያዘ ሰው መሬቱን ካልለቀቀ ዕርዳታ አያገኝም የሚል። ሩብ ኤከር አንድ ሺህ ካሬ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ልጆቹ የሚራቡበት አባት ወይ መሬቱን ይሰጣል ወይ ልጆቹን ይቀብራል። መሬቱን ከሰጠ ቤቱ ይፈርሳል። ቤቱ ከፈረሰ የቀረው መንገድ ነው። እኔ እዚህ ላይ ‹የተፈጥሮ አደጋ› የሚለው ቃል አይዋጥልኝም።

እስከ 1852 ድረስ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሰደደ። ረሃቡ ካበቃ በኋላም ስደቱ አልቆመም፤ ልማድ ሆነ። ሜዮ በ1841 ወደ 389,000 ሰው ነበራት። በ2022 ቆጠራ ወደ 138,000 ናት። መላው ደሴትም ዛሬ ድረስ የ1841ን ቁጥር መልሶ አልያዘም።

‹የአሜሪካ ለቅሶ› ሲባል እሰማለሁ፤ ምንድን ነው?

ተሰዳጁ ከመሄዱ በፊት ባለችው ሌሊት የሚደረግ ሽኝት ነው። ጎረቤት ይሰበሰባል። ሻይ ይፈላል፤ መጠጥ ይቀርባል፤ ፊድል (ቫዮሊን) ይመታል፤ ይጨፈራል። ሊነጋጋ ሲል ነገሩ ይለወጣል። እናት ለሞተ ሰው እንደሚወርደው ሙሾ ታወርዳለች። የሄደ አይመለስማ። በዚያ ዘመን ተመልሶ የሚመጣ በጣት የሚቆጠር ነው። ስለዚህ በቁሙ አለቀሱለት።

ጠዋት ቤተሰብ እስከተወሰነ ቦታ ይሸኛል። በሰሜን፣ ዶኔጋል ውስጥ ማኪሽ ተራራ ሥር አንዲት ትንሽ የድንጋይ ድልድይ አለች። የእንባ ድልድይ ይሏታል። ዘመድ እስከዚህ ይመጣል፤ ተሰዳጁ ድልድዩን ተሻግሮ ደሪ ወደብ ድረስ በእግሩ ይሄዳል። አጠገቧ በአይሪሽ ቋንቋ የተጻፈ ድንጋይ ቆሟል። ወዳጅ ዘመድ እስከዚህ ይሸኝ እንደነበር፣ የሚለያዩትም እዚህ እንደነበር ይናገራል። ሌላ ምንም የለም። አስጎብኚም ሱቅም የለም። በዚያ መንገድ ካለፋችሁ መኪናውን አቁማችሁ ውረዱ።

ከላሃርዳን ሌላ የት ብሄድ ይሻለኛል?

ጊዜ ካላችሁ ስትሮክስታውን። ሮስኮመን አውራጃ ውስጥ ያለ የባለርስት ግቢ ነው፤ በበረቱ በኩል ብሔራዊ የረሃብ ሙዚየም ተከፍቶበታል። ታሪኩ ራሱ ይገርማል። በ1979 ጂም ካለሪ የሚባል የአካባቢው የጋራዥ ባለቤት ግቢውን ገዛ። ዓላማው ለሥራው ተጨማሪ ቦታ ማግኘት ነበር። ቤቱ ውስጥ ግን የረሃቡ ዘመን ወረቀቶች ተከማችተው ተገኙ። ከነዚያ መሐል ጭሰኞች ለባለርስቱ የጻፉት የልመና ደብዳቤ አለ፤ ሥራ ስጡን፣ ልጆቻችን እየተራቡ ነው የሚል። ሙዚየሙ በ1994 የተከፈተው በእነዚህ ወረቀቶች ዙሪያ ነው።

ባለርስቱ ሜጀር ዴኒስ ማሆን በ1847 ብቻ 1,490 ጭሰኞቹን ወደ ካናዳ ላከ። ማኖር ከሚያወጣው ማሳፈር ይረክሰዋል። ሰዎቹ በቦይ ዳር እስከ ደብሊን በእግራቸው ተጓዙ፤ ከዚያ ወደ ሊቨርፑል፣ ከዚያ ወደ ኩቤክ። ብዙዎቹ መርከብ ላይ አለቁ። ማሆንም በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ተተኩሶበት ተገደለ። ዛሬ ያ መንገድ 165 ኪሎ ሜትር የሚሆን የእግር ጉዞ ነው። በየሥፍራው ከነሐስ የተሠሩ የልጅ ጫማዎች ተተክለዋል፤ ከ30 በላይ ናቸው። የተቀዱት ከፈረሰ ጎጆ ጣሪያ ውስጥ ከተገኘ እውነተኛ ጫማ ነው። ሁለት ትንንሽ ጫማ፣ በማሰሪያ የተቆራኙ። ስለ ረሃቡ ካነበብኩት ሁሉ እነሱ ይከብዱኛል።

ደቡብ የሚሄድ ስኪበሪን ይግባ። ስለ ረሃቡ የሚያሳየው ማዕከል በድሮ የጋዝ ማምረቻ ሕንፃ ውስጥ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው አቢስትራውሪ መቃብር ከ8,000 እስከ 10,000 ሰው ያለ ስም በጅምላ ተቀብሯል። ላዩ ሣር ነው። ኒው ሮስ ወደብ ላይ ደግሞ ደንብሮዲ የምትባል የተሰዳጅ መርከብ ልክ እንደ ጥንቷ ተሠርታ ቆማለች። ወደ ውስጥ ወርዳችሁ አንድ ቤተሰብ የሚተኛበትን አልጋ ታያላችሁ። ልጅ ካላችሁ እዚህ ውሰዱት፤ ሙዚየም የሚሰለቸው ልጅ መርከብ አይሰለቸውም።

ሜዮን ሳትለቁ ስትሬድ ያለውን የማይክል ዳቪት ሙዚየም ማየት ይቻላል። በ1850 ቤተሰቡ ከቤቱ ሲባረር እሱ የአራት ዓመት ልጅ ነበር። እንግሊዝ ገቡ። በ11 ዓመቱ ጥጥ ፋብሪካ ውስጥ ቀኝ እጁን ማሽን በላው። አድጎ በ1879 የጭሰኞችን የመሬት ማኅበር ከመሠረቱት ዋነኛው ሆነ። መሬት ላራሹ እያለ ላደገ ኢትዮጵያዊ ይህ ሰው እንግዳ አይሆንበትም።

እነዚህን ትንንሽ ቦታዎች ማን ነው የሚያንቀሳቅሳቸው?

እንደ ላሃርዳን ባሉት የመንደሩ ሰው ራሱ ነው። አንድ ማኅበር ይኖራል፤ ጡረታ የወጣች መምህርት፣ ገበሬ፣ ሱቅ ያለው ሰው ይሰበሰቡበታል። በሐሳብ ደረጃ ከእኛ ዕድር ብዙ አይርቅም፤ ልዩነቱ የሚቀብሩት ከመቶ ዓመት በፊት ባሕር የቀሩትን መሆኑ ነው። ገንዘብ ከመንግሥት ድጎማ፣ ከመዋጮ፣ ውጭ ካሉ ልጆች ይመጣል። ደካማ ጎኑም ግልጽ ነው። አንድ ጎበዝ ሰው ሲያረጅ ወይም ሲሞት በሩ ሊዘጋ ይችላል። ስትሄዱ መዋጮ ሣጥኑን አትለፉት።

አገሪቱም በላይኛው እርከን ነገሩን አልረሳችውም። ሜሪ ሮቢንሰን በ1990 ፕሬዚዳንት ስትሆን በቤተ መንግሥቱ የወጥ ቤት መስኮት ላይ መብራት አስቀመጠች፤ ውጭ ላሉት ሁሉ። ዛሬም ይበራል።

ባለቤቴ የአየርላንድ ዘር አላት። ዘመዶቿን ማግኘት እንችላለን?

ይቻላል። ግን ‹ከሜዮ ናቸው› የሚለው አይበቃም። የጎጡ ስም ያስፈልጋል። አየርላንድ ከ60,000 በላይ ጎጦች አሏት፤ ሰው የሚፈለገው በጎጡ ነው። ስለዚህ ከጉዞው በፊት አሜሪካ ወይም እንግሊዝ ያለውን ወረቀት አገላብጡ። የጋብቻ ወረቀት፣ የመቃብር ድንጋይ፣ የድሮ ደብዳቤ ላይ ያለ አድራሻ።

የ1901 እና የ1911 ቆጠራ ሙሉው ኢንተርኔት ላይ በነፃ አለ። ከዚያ በፊት ያሉት የሉም ማለት ይቻላል። ከፊሉ በመንግሥት ትዕዛዝ ተወግዷል፤ ከፊሉ በ1922 የእርስ በርስ ጦርነት ሲጀመር የመዝገብ ቤቱ ሕንፃ ሲቃጠል አብሮ ነደደ። ለዚያ ዘመን የሚያገለግለው የክርስትና መዝገብና በ1847 እና በ1864 መካከል የተሠራው የመሬት ግመታ ነው። የስም አጻጻፍ ላይ አትድረቁ። መዝጋቢው የሰማውን ነው የጻፈው።

የአካባቢው ሰው ግን ከኢንተርኔቱ ይበልጣል። ስሙንና ጎጡን ይዛችሁ መንደሩ መጠጥ ቤት ገብታችሁ ጠይቁ። አንዱ ሌላውን ይጠራል። እስከ አምስት ትውልድ የሚቆጥሩ ሽማግሌዎች ያጋጥማሉ።

ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ?

አለ፤ በ77 (ይቺን በእኛ አቆጣጠር ነው) ረሃብ ጊዜ። ላይቭ ኤድ የተባለውን የዕርዳታ ኮንሰርት ካዘጋጁት ዋነኛው ቦብ ጌልዶፍ አይሪሽ ነው። በሐምሌ 1985 ላይቭ ኤድ ሲካሄድ ከሕዝብ ብዛቷ አንጻር አየርላንድ ከፍተኛውን ከሰጡት አገሮች ተርታ ነበረች፤ ያኔ ራሷም ሥራ አጥነት የበዛባት፣ ልጆቿ እየተሰደዱ የነበረች አገር ሆና። ዛሬ ሰልፍ ኸልፕ አፍሪካ የሚባለው ድርጅትም በ1984 የተመሠረተው በኢትዮጵያ ረሃብ ምክንያት ነው። ገጠር ስትሄዱ ከኢትዮጵያ ነኝ ካላችሁ በዕድሜ ገፋ ያለ ሰው ያንን ማንሳቱ አይቀርም። አንዳንዴ ያስከፋል፤ አገራችን ረሃብ ብቻ ናት እንዴ ያሰኛል። ወሬው ‹የኛም አያቶች› ወደሚለው ሲዞር ግን ይለዝባል።

ቪዛና መንገዱስ?

የሸንገን ቪዛ አየርላንድ አያስገባም፤ አገሪቱ ሸንገን ውስጥ የለችም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ጀርመን ወይም ጣሊያን የመኖሪያ ፈቃድ ቢኖረውም በጥቅሉ ለብቻው የአየርላንድ ቪዛ ያስፈልገዋል። ዜግነት የቀየረ አሜሪካዊ፣ እንግሊዛዊ ወይም የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ ግን አያስፈልገውም።

ላሃርዳን ባቡር የላትም። ከደብሊን በባቡር ካስልባር ወይም ባሊና ትወርዳላችሁ፤ መንደሯ በሁለቱ መካከል ናት። ከዚያ መኪና መከራየት ነው። በግራ ይነዳል፤ መንገዱ ጠባብ ነው፤ በግ ይቀድማችኋል።

መቼ ነው መሄድ የሚሻለው?

ከግንቦት እስከ መስከረም። ብዙ ትንንሽ ማዕከሎች በክረምታቸው ይዘጋሉ ወይም በቀጠሮ ብቻ ይከፍታሉ፤ ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ። ፓርኩና መቃብሮቹ ግን ሁልጊዜ ክፍት ናቸው። ለደወሉ የምትሄዱ ከሆነ ሚያዝያ ላይ ሌሊቱ ገና ብርዳም ነው፤ ማደሪያ አስቀድማችሁ ያዙ፤ ወፍራም ጃኬትና ውኃ የማያስገባ ጫማ አትርሱ። በጃንጥላ አትልፉ፤ የሜዮ ንፋስ ይገለብጠዋል።